ከወገብ በላይ

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ማለዳ ከጎተራ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ ሳሪስ ሲደርስ በነጭ ይሞላል። ዕለቱ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። ታክሲ ረዳቱ «አቦ ወራጅ!» ሲል ከየወንበሩ የሚነሳው ሰው ጋቢ የደረበ፣ ኩታ የጣለ፣ ነጠላ ያጣፋ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲሆንማ መንገዱ ለመኪና አይበቃም፤ ገሚሱ ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል፣ ገሚሱ ወደ ዝቋላ ገዳም ይቀጥላል።

ከታክሲው መስኮት ሆኖ ከላይ ከላይ ብቻ ያየ ሰው በአለባበሳችን ምንም አልተለወጠም ሊል ይችላል። ዓይኑን ዝቅ ያደረገ ግን ሌላ ነገር ያያል። ከጋቢው ስር ጂንስ አለ። ከኩታው ስር የሱፍ ሱሪ አለ፣ መስመሩ በካውያ የወጣ። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የወጣው ሰራተኛ ሰማያዊ የስራ ሱሪውን ሳይቀይር ነጠላ ጣል አድርጎ መጥቷል። ጎረምሳው ቱታና ሸራ ጫማ አድርጓል። እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ሱሪ ከእግር እስከ ራሱ የለበሰ ወንድ ፈልጎ ለማግኘት መቆየት ያስፈልጋል፤ ቢገኝም ወይ ሽማግሌ ነው ወይ ሙሽራ።

በጨዋታ መሃል ካልሆነ በቀር ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር የለም። ከኩታ ስር ሱፍ ሱሪ የለበሰን ሰው «የአገር ልብስ ለብሰሃል» እንለዋለን እንጂ «ግማሹን ለብሰሃል» አንለውም። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፤ ሱሪው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ሲለወጥ የላዩ ለምን ሳይለወጥ ቀረ?

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስታውስ። በዓሉ የሚከበርለት ጻድቅ ራሱ ሸማ አልለበሰም። በስዕሉ ላይ ሰውነቱን ሁሉ የሸፈነው ጸጉሩ ነው፤ አንበሳና ነብር ግራና ቀኙን ከበውት፣ ወፍ ከዓይኑ እንባ ስትጠጣ ይታያል። ስለ ልብስ የሚጨነቀው ምእመኑ ነው።

ወደ ሱሪው እንመለስ። የላዩ ልብስ በእጅ ተፈትሎ በእጅ ተሸምኖ የአገር ውስጥ ሆኖ በቆየበት ዘመን እንኳን፣ የሱሪው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከባህር ማዶ የመጣ ነበር። አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ገበያውን የያዘው የጃፓን ጨርቅ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የጨርቁ ጥቅል የሚያልፈው በዚሁ አካባቢ፣ በአቃቂ በኩል ነው። ስለዚህ የአያቶቻችንን ፎቶግራፍ እያየን «ሙሉ የአገር ልብስ» የምንለው፣ ከወገብ በታች ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ ፈረንጅ የሸመነውን ጨርቅ የአገር ሰፊ የሰፋው ነው። ሱሪ ቀድሞውንም ለባዕድ ጨርቅ በሩን የከፈተ ልብስ ነበር።

ለዚህ ምክንያት አለው። ሱሪ ስራ ላይ ይውላል። ኮርቻ ይፈትገዋል፣ እሾህ ይይዘዋል፣ ጭቃ ይበላዋል። ባቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ከጉልበት በላይ የሚሰፋው የድሮ ሱሪ ለፈረስና ለጫካ መንገድ የተቆረጠ ነው። ሱሪ ቶሎ ስለሚያልቅ ቶሎ ይተካል፤ ቶሎ የሚተካ ነገር ደግሞ በርካሹና በጠንካራው ይተካል። ካኪ ሲመጣ ወታደሩም ተማሪውም ካኪ ለበሰ። በ1950ዎቹ የህንዱ የቢርላ ኩባንያ በሽርክና የገባበት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ስራ ሲጀምር፣ አካባቢው የፋብሪካና የወዛደር ሰፈር እየሆነ ሄደ። ማሽን አጠገብ የሚቆም ሰው ቀበቶ ያለው፣ ኪስ ያለው፣ እግሩ ላይ የማይንዘላዘል ሱሪ ይፈልጋል። ቅዳሜ ተከፍሎት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን በዚያው ሱሪ ላይ ኩታውን ጣል ያደርጋል። ኩታው ማሽን አጠገብ ስላልቆመ ነጭ ነው።

ይህ ግን መልሱን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው። ርካሽነትና ጥንካሬ ብቻ ቢሆንማ ጃኬትም ከጋቢ የበለጠ ዝናብ ይችላል፤ ጋቢን ግን አልገደለውም።

ሌላው ግማሽ ከወገብ በላይ ያለው ልብስ መናገሩ ነው። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የስነ ሰብእ ተመራማሪ ጎንደር ላይ ቆይቶ ሸማ አለባበስን አጥንቶ ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሸማውን አንደበት እንደሌለው ቋንቋ አድርጎ ይገልጸዋል፤ አንድ ሰው አጣጣሉን በመለወጥ ብቻ ማዕረጉን፣ ስሜቱን፣ ከፊቱ ለቆመው ሰው ያለውን ክብር ያሳውቃል ይላል። ተመራማሪው ለፈረንጅ አንባቢ ያስረዳውን ነገር ሳሪስ አቦ ቅጽር ውስጥ ያለ የአስር ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፣ የግራውን ጫፍ በቀኝ ትከሻ፣ የቀኙን በግራ። እንግዳ የሚያስተናግድ፣ በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም፣ ድግስ ላይ የሚላላከው አሳላፊ ከወገቡ ያደገድጋል። ለቅሶ የደረሰባት ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፤ ከታች መውረድ የነበረበት ጥለት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰፈሩም ሳይጠይቅ ይረዳል። የከፋው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል፣ ያኔ ሰላምታውም ያጥራል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ያልተቆረጠ፣ ያልተሰፋ፣ ቁልፍ የሌለው ጨርቅ ነው። ጨርቁ ስላልተሰፋ ጠዋት በቅዳሴ አንድ ነገር፣ ረፋዱ ላይ ለቅሶ ቤት ሌላ ነገር፣ ማታ ብርድ ሲሆን ሶስተኛ ነገር ይሆናል። ሱሪ ይህን ማድረግ አይችልም። ሱሪ አዝኗል ወይም ያከብርዎታል ብሎ ያነበበ ሰው የለም። እንግዲህ ምንም የማይናገረውን ልብስ ብንለውጠው የሚቀር መልእክት የለም፤ ስለዚህ ለወጥነው፣ ማንም አልጮኸም።

በዚህ መሃል ኮት ገባ። ኮትን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የላዩን ልብስ አላፈናቀለም፤ ከስሩ ገብቶ ተቀመጠ። የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣውን፣ ከላይ ኮቱን፣ ከኮቱ ላይ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ ገበያ ሲወርድ ያየ ሰው ጉዳዩ ይገባዋል። ጋቢ ኪስ የለውም። ገንዘብ፣ መታወቂያ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሞባይል የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል። ድሮ በሸማው ጫፍ ቋጥሮ ወይም በመቀነት ይዞ ነበር የሚኬደው። ሰልቫጅ ኮት ለዚህ ሁሉ መፍትሄ ሆነ፤ ሙቀቱ ምርቃት ነው። ከተማም ውስጥ ነገሩ ይኸው ነው። በጃንሆይ ዘመን የነበሩ ሹማምንት በበዓል ቀን ሱፍ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ኩታ ከላዩ ይጥሉ ነበር፤ ዛሬም የሰፈር እድር ዳኛ ለቀብር ሲወጣ እንዲሁ ነው የሚለብሰው። ሱፉ ለቢሮ፣ ኩታው ለእግዜርና ለሰው።

ተቆርጦ የተሰፋ፣ ጃኬት ሊባል የሚችል የላይ ልብስስ? እሱም አለን። ለምድ ነው፣ በርኖስ ነው፣ ካባ ነው። ለምድ ከአንበሳ ቆዳ ወይም ከከፋይ ተሰርቶ ለጀግና የሚሸለም የትከሻ ልብስ ነው፤ ክንድ ነጻ እንዲሆን፣ ጋሻና ጎራዴ እንዲያዝ ሆኖ የተቆረጠ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አርበኞች አራት ኪሎ ሲሰበሰቡ የሚታየው ልብስ ለዚህ ምዕራፍ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ከላይ ጎፈርና ለምድ፣ ደረት ሙሉ ሜዳይ፣ ከታች ተራ ካኪ ሱሪ። ማንም «ሱሪው አይሄድም» ሊላቸው አይደፍርም። ካኪው ራሱ የዘመቻ ልብስ ነው።

ካባን በዓለም ፊት ያቆሙት ደግሞ ጃንሆይ ናቸው። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ ኋላም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ ፎቶግራፉ ላይ ዓይን የሚይዘው ጥቁሩ ካባ ነው። ከነጻነት በኋላ ይህንኑ ካባ በፈረንጅ አቆራረጥ በተሰፋ የወታደር ልብስ ላይ ደርበው ብዙ ጊዜ ታይተዋል። ከስር ያለው ሱሪ ከለንደን ሰፊ ይሁን ከአዲስ አበባ ማንም አልጠየቀም። ካባው ከትከሻ ወደ ታች ስለሚወርድ ሰውየውን አንድ ወጥ ያደርገዋል፣ ስሩ ያለውን ልዩነት ይውጠዋል። ዛሬ በመልስ ቀን ሙሽራው በሱፍ ልብስ ላይ የሚደርበው ወርቀ ዘቦ ካባ የዚሁ ልጅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በኪራይ የሚመጣ ስለሆነ ለረጅሙ ሙሽራ ያጥራል፣ ለአጭሩ ይጎተታል። እንደኔ እንደኔ ከካባ ስር ከረባት ባይታይ ይሻላል፤ ሁለቱም አንገት ላይ የመጀመሪያ ለመሆን ይጣላሉ።

ደርግ ሌላ ሙከራ አድርጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ፓርቲው ኢሠፓ ሲመሰረት የፓርቲ ሰዎች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ኮሌታው የተዘጋ ሰማያዊ ልብስ ለብሰው ታዩ። ሱሪና ኮት ተጣምረው ተመሳሳይ ነገር እንዲናገሩ የታሰበበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። ሰባት ዓመት እንኳን አልቆየም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሰራው ለወንድ ነው። ሳሪስ አቦ በር ላይ ትንሽ ቆም ያለ ሰው ሌላውን ገጽ ያያል። ሱሪ ለብሳ ከስራ በቀጥታ የመጣች ልጅ አጥሩ ጋ ስትደርስ ጥግ ትይዛለች። ነጠላዋን ተከናንባለች፤ እሱ ግን አይበቃትም። ከቦርሳዋ ሌላ ነጠላ ወይም ሰፊ ሻሽ ታወጣለች፣ ወገቧ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጣለች፣ አንድ እጇን ወደ ኋላ ልካ ተረከዟ ጋ መድረሱን ትፈትሻለች። ከዚያ ተሳልማ ትገባለች። ጂንሱ ከሽርጡ ስር አንድ ስንዝር ያህል ብቅ ይላል፤ እሱን ማንም አያይም፣ ወይም እንዳላየ ያልፋል።

ምክንያቱ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ የሚለው ቃል ነው፤ ሱሪ ደግሞ በብዙዎች ዘንድ የወንድ ተብሎ ተይዟል። ስለዚህ ከወገብ በታች ያለው ልብስ ዝም ያለው ለወንዱ ብቻ ነው። ለሴቷ ሱሪው ራሱ መልእክት ሆኖ ይነበባል፣ ባታስበውም። ልጅቷ ያገኘችው ዘዴ ግን የላዩን ልብስ ወደ ታች ማውረድ ነው። ነጠላው በራስ ላይ ያለውን ክብር ይዞ ይወርድና ጂንሱን ይሸፍነዋል። ቅዳሴው ሲያልቅ ፈታ፣ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ታክሲ ትይዛለች። ሱሪ የለበሱ ወንድሞቿ ይህን አያስቡትም፤ ማሰብ የሚኖርባቸው ይመስለኛል። ዋሽንግተን ባሉ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በር ላይም ይኸው ሽርጥ ይታሰራል፣ በክረምት ደግሞ ከወፍራም ጃኬት በላይ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣው ደግሞ ያልተሰፋውን ሸማ ቆርጦ ጃኬትና ሸሚዝ ማድረግ ነው። እንጦጦ ስር ሽሮ ሜዳ ያሉ ሱቆች በእነዚህ የተሞሉ ናቸው፤ ሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም» የተባለውን ድርጅት ስትመሰርት የዚህን የእጅ ሽመና ጨርቅ ለፈረንጅ ገበያ በተሰፋ ልብስ አቅርባዋለች። እዚህ አገር ደግሞ ወጣቱ የሚፈልገው ከጂንስ ጋር የሚሄድ የላይ ልብስ ነው፤ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለአድዋ በዓል።

ይህ ነገር ከስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ጋር ያገናኘናል። እነሱም አንድ ልብስ አላቸው፤ ሽንሽኑ የወንድ ቀሚስና አጭር ኮት። የብሪታንያ መንግሥት ከ1745ቱ አመጽ በኋላ ልብሳቸውን በሕግ ከልክሎ እስከ 1782 እ.ኤ.አ. አቆየው። በ1822 ግን ንጉሡ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ራሱ ያንኑ ልብስ ለብሶ ብቅ አለ፣ ቀሚሱ ስር የገላ ቀለም ያለው ጥብቅ ሱሪ አድርጎ። የስኮቶቹ ችግር ርዝመት ነው። ኮታቸው ቀሚሱ ከፍ ብሎ ወገብ ላይ ስለሚታሰር አጥሮ የተቆረጠ ነው። ሰውየው ቀሚሱን ትቶ ከዚያ ኮት ጋር ተራ ሱሪ ሲለብስ፣ በኮቱ ጫፍና በቀበቶው መካከል የሸሚዝ ክፍተት ይታያል፣ ትልቅ ሰው የትንሽ ወንድሙን ኮት እንደለበሰ። የላዩ ልብስ የታችኛውን ጓደኛውን አስቦ ነው የሚቆረጠው።

የኛ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። እጀ ጠባብ እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ ከስሩ የሚታየው ሱሪ ባት ላይ ጥብቅ ስለሆነ ያምርበታል። ያንኑ እጀ ጠባብ በሰፊ ጂንስ ላይ ካደረግነው ግን ቀሚስ ይመስላል፣ ኪስ ይዘጋል፣ ስልክ ሲጮህ ጨርቁን እስከ ወገብ መግለጥ ያስፈልጋል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ይህን ያውቃል። ርዝመቱን ያሳጥርና ከዚፑ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል፣ ጎንና ጎኑን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ እጅ ኪስ ውስጥ እንዲገባ ነው።

ጨርቁም የራሱ ጠባይ አለው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚያቀብል የጨርቁ ስፋት ከክንዱ አቅም አያልፍም። ሰፊው በዚህ ጠባብ ጨርቅ ላይ ነው ትከሻና ጀርባ የሚያወጣው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ በአንድ በኩል ጠንካራ፣ በሌላ በኩል ለስላሳና ተለጣጭ ነው። ገበር ካልገባለት ክርኑ ላይ ይንጠለጠላል፤ ኮሌታው ማጠንከሪያ ካልተደረገለት በሁለተኛው እጥበት ይተኛል። የተቆረጠው ጠርዝ ቶሎ ይተረተራል፣ በኦቨርሎክ መያዝ አለበት። ጥበቡ ለብቻ ተሸምኖ ቁልፉ ላይና እጅጌው ጫፍ ላይ ይለጠፋል። በማሽን የታተመው የጥበብ ስዕል ያለበት ፖሊስተር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፣ አይሸበሸብም፣ አይተረተርም፤ ግን አየር አያስገባም፣ ፀሐይ ላይ ለሁለት ሰዓት ንግስ ቆሞ ያየ ሰው ሁለተኛ አይገዛውም። ከሱ በቱታ ላይ የተጣለ አሮጌ ጋቢ ይሻለኛል።

ጂንስን በተመለከተ ሰፊዎች የሚሰጡት ምክር ከፋሽን መጽሔት የሚበልጥ ነው። አዲስ ሰማያዊ ጂንስ ቀለሙን ይለቃል፤ የሸማው ጫፍ ጭኑ ላይ ሲንሸራተት ከበዓሉ ማግስት ሰማያዊ ጥላ ይዞ ይገኛል፣ በረኪና ሲደረግበት ደግሞ ጥለቱ አብሮ ይደበዝዛል። ስለዚህ ጂንሱ ሁለት ሶስት ጊዜ የታጠበ ይሁን፣ ወይም ጥቁር ወይም ካኪ የቆየ ሱሪ ይለበስ። ሸማው ደግሞ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ የእጅ ፈትል በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ አለዚያ ሰፊው ከዚፑ በታች ያቆመው ጫፍ እምብርት ጋ ይደርሳል። ልብሱን ሊያሰፋ የሄደ ሰው ሱሪውን ለብሶ ወይም በፌስታል ይዞ ይሂድ፤ ልኬቱ የሚወሰደው ከእሱ ላይ ነው።